የቃል መድረሻና የሰው እንጀራ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት መድረሻ ከመናገሬ በፊት አንድ የቆየ ዕዳዬን ልናገር።

ወጣት ጸሐፊ ሆኜ ሞጣ በምሠራበት ጊዜ እንግሊዝኛ ያውቃሉ ከሚባሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ዕውቀቴ ከስሜ ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ የምስክር ወረቀት የሚያስተረጕም ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን አንድ የሰፈራችን ልጅ የአለቃውን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤው በአማርኛ ሆኖ «ይህ ወጣት በርትቶ ይሠራል» ይላል። ሥራ ለጠየቀበት አንድ የውጭ አገር ድርጅት የሚላክ ስለ ሆነ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስለት ለመነኝ።

እኔም ብዙ አላሰብሁም። ብርቱ በእንግሊዝኛ «ሃርድ» ነው። ከቅጽል ተውሳከ ግሥ ለማውጣት በመጨረሻው «ሊ» ይጨመራል ተብዬ ተምሬአለሁ። በአማርኛ ደግሞ «በርትቶ» የሚለው ቃል ከግሡ ይቀድማል። ስለዚህ ደስ እያለኝ «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ብዬ በጽሕፈት መኪና አትሜ ሰጠሁት። እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ ዐረፍተ ነገር «ይህ ወጣት ሥራ የሚባል ነገር እምብዛም አይነካም» ማለት ነው።

ልጁ ሥራውን አላገኘም። ከወራት በኋላ ስሕተቴ ሲገለጥልኝ ፈልጌ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እርስዎ ለደግ ብለው ነው፤ የእኔ ዕድል ነው» አለኝ። ይህ ቃሉ ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ለተማሪዎችና አዲስ ለተቀጠራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ትምህርት፣ ለእኔም የዕዳ መክፈያ ይሁን።

በቤታችን ያለው ትምህርት

መድረሻ የምንለው በቃል መጨረሻ ተቀጥሎ ትርጕሙን ወይም የንግግር ክፍሉን የሚለውጠውን ነው። ይህ ነገር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። «ደግ» ቅጽል ነው፤ «ነት» ሲጨመርበት «ደግነት» ተብሎ ስም ይሆናል። በፈረስ የሚሄደው ሰው «ፈረሰኛ»፣ ሀብት ያለው «ሀብታም»፣ ተራራ የበዛበት አገር «ተራራማ»፣ የጎጃም ሰው «ጎጃሜ»፣ የምድር የሆነው ነገር «ምድራዊ» ይባላል። ሞጣ ገበያ ከእናቱ ጋር የወጣ ሕፃን እንኳ እነዚህን መድረሻዎች ሳያስባቸው በየቦታቸው ያውላቸዋል።

ጎጃም ደግሞ የሰዋስው አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅና በዋሸራ ቅኔ የተማሩ አባቶቻችን ከአንድ ግሥ ስንት ዘር እንደሚወጣ ሲቈጥሩ ኖረዋል። ከ«ቀደሰ» ቀዳሲ፣ ቅዱስ፣ ቅዳሴ፣ ቅድስናና መቅደስ ይወጣሉ፤ ይኸውም የሚቀድሰው ሰው፣ የተቀደሰው ነገር፣ ሥራው፣ ጠባዩና ቦታው ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ እነዚህን አምስቱን እንደ አምስት ባዕዳን አይሸመድዳቸውም፤ እንደ አንድ ቤተ ሰብ ያውቃቸዋል።

የእንግሊዝኛ ተማሪ ግን «አፕላይ» የሚለውን በአንድ ሳምንት፣ «አፕሊኬሽን» የሚለውን በሌላ ወር፣ «አፕሊካንት» የሚለውን በሌላ ዓመት ያጠናል። አመለከተ፣ ማመልከቻ፣ አመልካች ማለት መሆናቸውን፣ ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይደክማል። በአገራችን 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪኩም የሒሳቡም የሳይንሱም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲሆንበት ይህ ድካም ከእንግሊዝኛው ክፍል አልፎ ወደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ይጋባል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበትንም ነገር ከወዲሁ እንወቅ። በእኛ ቋንቋ ቃሉ በሆዱም ይለወጣል። ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር በሚያሻግረው መንገድ፣ በዓባይ ላይ ያለውን የጥንት ድልድይ «ሰባራ ድልድይ» እንለዋለን። «ሰበረ» «ሰባራ» የሆነው በመጨረሻው ፊደል ቅጥያ ብቻ ሳይሆን በመኻሉ ፊደል ለውጥ ነው። እንግሊዝኛም «ብሬክ» ብሎ «ብሮክን» ሲል እንዲሁ በሆዱ ይለወጣል፤ ዳሩ ግን ይህ በእንግሊዝኛ ጥቂት ነው። የሚበዛው ግንዱን ሳይነካ በጫፉ ላይ መቀጠል ነው።

አራቱ ሥራዎች

የንግግር ክፍሎች ስምንት ናቸው ብለን ተምረናል። የመድረሻ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው አራቱን፣ ስምን፣ ቅጽልን፣ ግሥንና ተውሳከ ግሥን ነው።

ስም የሚያደርጉ መድረሻዎች ብዙ ናቸው። ከቅጽል ስም የሚያወጣው «ነስ» የእኛን «ነት» ይመስላል፤ «ካይንድ» ደግ፣ «ካይንድነስ» ደግነት ነው። ከግሥ ስም የሚያወጡት ደግሞ «መንት»ና «ሽን» ናቸው፤ «ዴቨሎፕ» አለማ፣ «ዴቨሎፕመንት» ልማት፤ «ኤጁኬት» አስተማረ፣ «ኤጁኬሽን» ትምህርት። አድራጊውን ሰው ለመጥራት «ር» ይቀጠላል፤ «ቲች» አስተማረ፣ «ቲቸር» አስተማሪ።

ቅጽል ከሚያደርጉት «ፉል»፣ «ለስ»፣ «አብል»ና «አል» ይገኛሉ። «ኬር» ጥንቃቄ ነው፤ «ኬርፉል» ጥንቃቄ የሞላበት፣ «ኬርለስ» ጥንቃቄ የሌለው። «ሪድ» አነበበ፣ «ሪዳብል» ሊነበብ የሚችል። «ኔሽን» አገር ወይም ሕዝብ፣ «ናሽናል» አገራዊ።

ግሥ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው። «ሞደርን» ዘመናዊ፣ «ሞደርናይዝ» አዘመነ፤ «ሲምፕል» ቀላል፣ «ሲምፕሊፋይ» አቀለለ፤ «ዋይድ» ሰፊ፣ «ዋይደን» አሰፋ። እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። አማርኛ «አዘመነ»፣ «አቀለለ»፣ «አሰፋ» ሲል «አ» የሚያስገባው በቃሉ ራስ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን በጭራው ላይ ቀጠለ።

ተውሳከ ግሥም እንደዚሁ ነው። እኛ «በፍጥነት»፣ «በጥንቃቄ» ስንል «በ» በመነሻው ይገባል። እንግሊዝኛ ግን «ክዊክሊ»፣ «ኬርፉሊ» ብሎ በመድረሻው «ሊ» ያስገባል። የአማርኛ ተናጋሪ የቃሉን ሥራ ከፊት ሲፈልግ እንግሊዝኛው ከኋላ ያኖረዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ስታነቡ ዓይናችሁን በቃሉ መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ልመዱ።

የማዳበሪያው ቤተ ሰብ

አሁን ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር እንውሰድ፤ እርሱም ማዳበሪያ ነው።

«ፈርታይል» ለም ማለት ነው፤ ቅጽል።
«ፈርቲሊቲ» ለምነት ማለት ነው፤ ስም።
«ፈርቲላይዝ» አዳበረ ማለት ነው፤ ግሥ።
«ፈርቲላይዘር» ማዳበሪያ ማለት ነው፤ ስም።
«ፈርቲላይዜሽን» ማዳበር ማለት ነው፤ ስም። በሥነ ሕይወት መጽሐፍ ውስጥ ስታገኙት ግን የወንዴና የሴቴ ዘር መዋሐድ ማለት ነው።

አንዲቱን «ፈርታይል» ያወቀ ተማሪ አምስት ቃላት አገኘ። ደግሞም መድረሻ በመድረሻ ላይ እንደሚደረብ ተመልከቱ። «ፈርቲላይዘር» በሚለው ውስጥ መጀመሪያ «አይዝ» ገብቶ ቅጽሉን ግሥ አደረገው፤ ቀጥሎ «ር» ገብቶ ግሡን ስም አደረገው። ከዚህ የሚረዝም ምሳሌ ቢያስፈልግ፣ የገጠር መሬት በየካቲት፣ ትርፍ የከተማ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በመንግሥት ሲወረስ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች «ናሽናላይዜሽን» ብለው የጻፉትን ቃል እንይ። «ኔሽን» ስም፤ «ናሽናል» ቅጽል፤ «ናሽናላይዝ» ግሥ፤ «ናሽናላይዜሽን» እንደ ገና ስም። አማርኛ ይህን ሁሉ «ውርስ» ብሎ በሦስት ፊደል ጨርሶታል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው። ቃሉ ምንም ቢረዝም አዛዡ የመጨረሻው መድረሻ ነው። ረጅም ቃል ባያችሁ ጊዜ አትደንግጡ፤ ከኋላ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ግለጡት፤ ግንዱን ታገኙታላችሁ።

በንባብ ጊዜ ግን ድምፁ እንደሚንቀሳቀስ አትርሱ። «ኔሽን» የነበረው «ናሽናል» ሲሆን የመጀመሪያው ድምፅ አጠረ። እንዲሁም በ«ፎቶግራፍ» ድምፃችን የሚጠብቀው በመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፤ በ«ፎቶግራፊ» በሁለተኛው፣ በ«ፎቶግራፊክ» በሦስተኛው ላይ ይሆናል። ጽሕፈቱን ዐውቆ ይህን ያላወቀ ሰው ሲናገር ላይሰማ ይችላል።

አንዱ «ኛ» ስንት ይሆናል?

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል መስሎ ታይቷችሁ ይሆናል። አሁን ግን ችግሩ ይመጣል። እኛ «ጋዜጣ»፣ «ፖለቲካ»፣ «ሙዚቃ» የሚሉትን ቃላት ከውጭ ተቀብለን የራሳችንን «ኛ» ቀጠልንባቸውና ጋዜጠኛ፣ ፖለቲከኛ፣ ሙዚቀኛ አልን። ሠራተኛም እግረኛም በዚያው በ«ኛ» ይሄዳሉ። በእንግሊዝኛ ግን ጋዜጠኛው «ጆርናሊስት»፣ ፖለቲከኛው «ፖለቲሺያን»፣ ሠራተኛው «ወርከር» ነው። ሙዚቀኛው «ሙዚሺያን» ሲሆን ፒያኖ የሚመታው ግን «ፒያኒስት» ይባላል። ለአንዱ «ኛ» ሦስት አራት መድረሻ ቀረበ ማለት ነው።

ምክንያቱ ታሪክ ነው። እንግሊዝኛ ከሦስት ጎተራ የተቀዳ ቋንቋ ነው። «ነስ»፣ «ፉል»፣ «ለስ»፣ «ሊ» የጥንቱ የራሱ ቅርስ ናቸው። «ሊ» ከጥንት «አካል፣ መልክ» ማለት ከነበረ ቃል የመጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን በያዙ ጊዜ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ «መንት»፣ «ሽን»፣ «አብል» የመሳሰሉት ከፈረንሳይኛና ከላቲን በብዛት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። «ኢስት»፣ «ኢዝም»፣ «አይዝ» ደግሞ ሥራቸው ግሪክኛ ነው። በቢሮ ቋንቋ «መንት»ና «ሽን» የበዙት አስተዳደሩና ሕጉ በፈረንሳይኛና በላቲን ይካሄድ ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ መድረሻን በግምት መቀጠል አይቻልም። አገራችንም ቢሆን የሸዋን ሰው «ሸዋም»፣ የተራራውን አገር «ተራሬ» የሚል የለም። የትኛው ቃል የትኛውን መድረሻ እንደሚወድ ከቃሉ ጋር አብሮ መጠናት አለበት።

ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ወጥመዶች

አንደኛው በአድራጊና በተደራጊ መካከል ያለው ነው። «ኢምፕሎየር» ቀጣሪ ነው፤ «ኢምፕሎዪ» ተቀጣሪ ነው። «ፔየር» ከፋይ፣ «ፔዪ» ተከፋይ፤ «ትሬይነር» አሠልጣኝ፣ «ትሬይኒ» ሠልጣኝ። አማርኛ ተቀጣሪና ተከፋይ ሲል በመነሻው «ተ» የሚያደርገውን ሥራ እንግሊዝኛ በመድረሻው «ዪ» ያደርገዋል። ይህን ያልለየ አመልካች ሥራ ልለምን ብሎ ቀጣሪ ልሁናችሁ ብሎ ይጽፋል። በክፍያ ሰነድ ላይ ሲሆን ደግሞ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ይገለበጣል።

ሁለተኛው ሰውና ዕቃ የሚደባለቁበት ነው። እኛ አራሹን ሰው ከማረሻው ብረት፣ ጸሐፊውን ከመጻፊያው እንለያለን። የእንግሊዝኛው «ር» ግን አንዳንዴ ሰው፣ አንዳንዴ ዕቃ ነው፤ «ፋርመር» ገበሬ ነው፣ «ፈርቲላይዘር» ማዳበሪያ ነው። «ኩክ» ማለት አበሰለ ማለት ከሆነ ወጥ የምትሠራዋ ሴት «ኩከር» ናት ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እናቱን ምድጃ አደረጋት። አብሳይዋ ራሷ «ኩክ» ትባላለች፤ «ኩከር» ምድጃው ነው።

ሦስተኛው መንትያ መድረሻ ነው። በአማርኛ ዘመናዊ፣ ዘመናይና ዘመነኛ አንድ አይደሉም፤ ዘመናዊ ቤት እንላለን እንጂ ዘመነኛ ቤት አንልም። በእንግሊዝኛም «ኢኮኖሚክ» ስለ ኢኮኖሚ የሆነ ሲሆን «ኢኮኖሚካል» ቈጣቢ ማለት ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ይህን ልጨምር፤ «ኦፊሻል» ሥልጣን ያለው፣ ይፋዊ ማለት ነው፤ «ኦፊሸስ» ግን በማያገባው እየገባ ሰው የሚያዝዝ ማለት ነው። አለቃችሁን በአንዱ ፈንታ በሌላው እንዳትጠሩ።

አራተኛው የእኔው ወጥመድ ነው። «ሊ» ያለው ሁሉ ተውሳከ ግሥ አይደለም፤ ተውሳከ ግሥም ሁሉ «ሊ» የለውም። «ፍሬንድሊ» ወዳጃዊ ማለት ሲሆን ቅጽል ነው። «ሃርድ»ና «ፋስት» ደግሞ ያለ አንዳች ቅጥያ ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ይሆናሉ። «ሌት» ዘግይቶ ማለት ሲሆን «ሌትሊ» በቅርቡ ማለት ነው። «ሃርድሊ»ም «በርትቶ» ሳይሆን «እምብዛም» ነው።

ምን ይደረግ?

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ገጹን በአራት ዐምድ ከፍላችሁ ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥ ብላችሁ ጻፉበት። አዲስ ቃል ባገኛችሁ ቍጥር በየዐምዱ ዘመዶቹን ፈልጉና አስገቡ፤ ያልተገኘውን ዐምድ ባዶ ተዉት እንጂ ከራሳችሁ ፈጥራችሁ አትሙሉት።

ዘመዶቹን መፈለግም ቀላል ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ሲታተም ቃላቱ የተደረደሩት በየግንዳቸው ነው፤ «መቅደስ» የሚፈለገው በ«ቀደሰ» ሥር ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ግን ለውጡ በመጨረሻው ስለ ሆነ ግንዱ ከፊት ሳይነካ ይቀራል፤ ስለዚህ በፊደል ተራ በተጻፈ መዝገበ ቃላት ውስጥ ዘመዳሞቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድ ቃል ፈልጋችሁ ስታገኙ መጽሐፉን ቶሎ አትክደኑት፤ ከላይና ከታች ያሉትን ጥቂት መስመሮች አንብቡ። የእያንዳንዱን ትርጕምና ምሳሌውን ሳታዩ ግን በደብዳቤ ላይ አታውሉት።

ለመለማመጃ እነዚህን ሦስቱን ሞክሩ፤ «ስትሮንግ» (ብርቱ)፣ «ዲሳይድ» (ወሰነ)፣ «ሪስፖንሲብል» (ኃላፊ)። ስማቸውን፣ ቢኖራቸውም ግሣቸውን፣ ቅጽላቸውንና ተውሳከ ግሣቸውን በአራቱ ዐምድ ጻፉ። መልሱ ይህ ነው። የመጀመሪያው ስሙ «ስትሬንግዝ»፣ ግሡ «ስትሬንግዘን»፣ ተውሳከ ግሡ «ስትሮንግሊ» ነው። የሁለተኛው ስሙ «ዲሲዥን»፣ ቅጽሉ «ዲሳይሲቭ»፣ ተውሳከ ግሡ «ዲሳይሲቭሊ» ነው። የሦስተኛው ስሙ «ሪስፖንሲቢሊቲ»፣ ተውሳከ ግሡ «ሪስፖንሲብሊ» ነው፤ የግሡ ዐምድ ባዶ ይቅር።

ባለፈው ጊዜ ሞጣ ሄጄ ያን የጥንት ወዳጄን አገኘሁት። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ የኑሮውንም መንገድ በራሱ ብርታት አቅንቷል። ቡና ስንጠጣ ትልቂቱን ልጁን ጠራና «ጋሼ፣ ይህች ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች፤ እንግሊዝኛ ያስቸግራታል፤ እባክዎ አንድ ነገር ያሳዩልኝ» አለኝ። አፍሬ ጥቂት ዝም አልሁ፤ ከዚያ ወረቀት አስመጥቼ አራቱን ዐምድ አሰመርሁላት። ከገጹም በላይ ለአባትዋ ያን ጊዜ ልጽፍለት ይገባኝ የነበረውን ሦስት ቃል ጻፍሁ፤ «ሂ ወርክስ ሃርድ»።

እርሷም አነበበችውና «በርትቶ ይሠራል» ብላ ተረጐመችው። «ሊ የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለውም አልኋት፤ ለምን እንደሌለውም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት።